ሰዓቱ ልቤን እንዴት ያያል? የድሬና የሐረር አንባቢዎች ጥያቄ

ባጃጅ ነው የምነዳው። ቆሜ ስለካ ሰዓቴ 75 ይላል፤ ኮብልስቶን ላይ ስገባ 130 ይደርሳል። ልቤ ነው ወይስ ሰዓቱ? (ሳቢያን)

ሰዓቱ ይመስለኛል። ከጀርባው ያለችው አረንጓዴ መብራት ቆዳህ ውስጥ ትገባለች። ደም አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል። ልብህ በመታ ቁጥር ደም ስሩ ሞላ ስለሚል የሚመለሰው ብርሃን ይቀንሳል። ሰዓቱ የሚቆጥረው ይህንን ነው። መንገዱ ሲያንገጫግጭህ ግን ሰዓቱ ከቆዳህ ላላ ይላል፤ ንዝረቱንም የልብ ምት ያደርገዋል። ላብህን ጥረግ፣ ከእጅህ አንጓ ትንሽ ከፍ አድርገህ ጠበቅ አድርገው፣ ቆመህ ድገመው። ቆመህም ካልወረደ፣ ወይም ደረትህን ካመመህ ሐኪም ይይህ።

ለዚህ ችግር ነው የሚታጠፉ ሴንሰሮችን በጉጉት የምከታተለው። እ.ኤ.አ. በ2016 የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲው ታካኦ ሶሜያ ቡድን ውፍረቱ 3 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነ፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የብርሃን ሴንሰር ሠርቶ አሳይቷል። የሰው ፀጉር እንኳ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ቆዳው ሲታጠፍ አብሮ ስለሚታጠፍ ክፍተት አይተውም። ችግሩ፣ የሚሠራበት ኦርጋኒክ (ካርቦን ላይ የተመሠረተ) ቁስ አየርና እርጥበት ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ በስስ መከላከያ ይሸፈናል። ለድሬ ሙቀት ዋናው ጥያቄ የዚያ ሽፋን ጥንካሬ ነው።

እናቴ አስም አለባት። ለሰርግ ሂና ከተቀባች ወዲህ ጣት ላይ የሚሰካው ኦክስጅን መለኪያ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። እንመነው? (ሐረር፣ ጀጎል)

እህቴ፣ መጀመሪያ እናትሽን እያት። ትንፋሽ ካጠራት፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታት ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ ቁጥር አትጠብቂ፤ ሆስፒታል ውሰጃት። ደህና ከሆነች እጇን አሙቂና ያልተቀባ ጣቷ ላይ ለኪ። መሣሪያው ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን ያሳልፋል። ኦክስጅን የያዘ ደም ቀዩን ያሳልፈዋል፤ ያልያዘው ይውጠዋል። ጠቆር ያለ ሂና መሃል ገብቶ ልኬቱን ሊያዛባ ይችላል።

ሂናውስ ይለቃል። እኔን የሚያሳስበኝ የቆዳ ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ያሳየባቸውን ሕመምተኞች ደም መረመረ። ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶው፣ ከነጮቹ 3.6 በመቶው እውነተኛ ኦክስጅናቸው ከ88 በታች ነበር። ማለትም መሣሪያው ጥቁር ሰው ላይ "ደህና ነው" ብሎ የመሳሳት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። አዲሶቹ ተለጣፊ ሴንሰሮች እኛን በመሰለ ቆዳ ላይ ካልተፈተሹ ያው ስህተት ይከተለናል። ስለዚህ እናትሽ ደህና በሆነችበት ቀን የሚያሳየውን ቁጥር ጽፈሽ ያዢ፤ ከዚያ ከወረደ ቁም ነገር ነው።

እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ያለ መርፌ ስኳር የሚለካ ሰዓት አለ አሉኝ። ልግዛ? (ድሬዳዋ፣ የ63 ዓመት አባት)

አባባ፣ እባክዎ አይግዙ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2024 ስለነዚህ ሰዓቶችና ቀለበቶች አስጠንቅቋል፤ ቆዳ ሳይወጉ በራሳቸው ስኳር እንዲለኩ የፈቀደለት አንድም አልነበረም። በተሳሳተ ቁጥር ኢንሱሊን ቢወስዱ ስኳርዎ ወርዶ ራስዎን ሊስቱ ይችላሉ። በጣት ደም መለካትዎን ይቀጥሉ።

ጫት ስቅም፣ ተቀምጬ ሳለሁ ሰዓቴ 105 ይላል። ተበላሽቶ ነው? (ከዚራ)

አይመስለኝም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ይጨምራል። የቃምክበትን ሰዓትና ቁጥሩን ጻፍ፣ ግፊትህንም ተለካ፣ ጽሑፉን ይዘህ ሐኪምህ ጋ ሂድ። መቃምህን አትደብቀው፤ መድኃኒት ሲያዝልህ ማወቅ አለበት።