ዋሾ መለኪያና የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ክረምቱ ገብቷል። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ የደሴን ፒያሳ ሸፍኗታል፣ መብራቱም እንደ ልማዱ ይመጣል ይሄዳል። እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ቆጡን ይፈትሻል መሰለኝ፣ የሰሞኑ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አሮጌ የመለኪያ ዕቃ ናቸው። ኦሲሎስኮፕ (ሲግናልን በስክሪን የሚያሳየው)፣ ሲግናል ጀነሬተር (ለመፈተኛ የሚሆን ሲግናል የሚያመነጨው)፣ ቴስተር (ቮልትና ኦም የሚለካው)። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ሰላምታውን፣ ምርቃቱንና "መልሱን በቶሎ" የሚለውን አውጥቼ ፍሬ ነገሩን ብቻ አስቀርቻለሁ።

ከሮቢት፦ አጎቴ ራሽያ ሠራሽ ኦሲሎስኮፕ ሰጠኝ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ይመስላል፣ ሲነበብ ግን ትርጉም የለውም። በየት በኩል ነው የሚበራው?

"ሴት" ተብሎ በሚነበበው። አትሳቅ፣ በእነሱ ቋንቋ የመብራት መስመር ማለት ነው። "ያርኮስት" ብርሃኑን ማድመቂያ ነው። "ፎኩስ" ያው ፎከስ ነው። "ቭሆድ" ደግሞ ሲግናሉ የሚገባበት። ደርግ ጊዜ ራሽያ የተማረ ሰው ሰፈራችሁ አይጠፋምና የቀረውን እሱ ያንብብልህ። ከማብራትህ በፊት ግን ከታች ለሐይቁ መምህር የጻፍኩትን አንብብ።

ከቧንቧ ውሃ አንዲት እናት፦ ልጃቸው በቴስተር ለክቶ "ቤታችን 270 ቮልት ነው የሚገባው" አላቸው። ፍሪጁ ይቃጠልብኝ ይሆን?

እትዬ፣ መጀመሪያ የቴስተሩን ባትሪ ያስቀይሩት። ርካሽ ዲጂታል ቴስተር ባትሪው ሲደክም ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያነባል። በአዲስ ባትሪም 270 ካለ ፍሪጁን ይንቀሉና መብራት ኃይል ይደውሉ።

ከኮምቦልቻ፦ የቲቪ ፓወር ሳፕላይ በኦሲሎስኮፕ ልለካ ብዬ የፕሮቡን (የመለኪያ ገመዱን) አዞ መቆንጠጫ ሳስነክስ ቧ! ብሎ ፈነዳ። ጓደኛዬ "የሶኬቱን ሦስተኛ እግር ቁረጠው፣ ይተውሃል" አለኝ። ልቁረጠው?

አትቁረጠው። ጓደኛህ ይወድሃል፣ ግን ሊገድልህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያቺ አዞ ከኦሲሎስኮፑ ቆርቆሮ ጋር የተያያዘች ናት። ቆርቆሮው ደግሞ በሦስተኛው እግር በኩል ከመሬት ጋር ተያይዟል። የቲቪው ፓወር ሳፕላይ መግቢያ በኩል "ግራውንድ" ብለህ የነከስከው ቦታ መሬት አይደለም፣ በዳዮድ በኩል በቀጥታ ከመብራቱ ጋር የተገናኘ ነው። ስለዚህ መብራቱን ከመሬት ጋር አጋጨኸው፣ ፈነዳ። እግሩን ብትቆርጠው ፍንዳታው ይቀራል፣ እውነት ነው። ግን ኮረንቲው የትም አልሄደም፤ ኦሲሎስኮፑ አካል ላይ ቁጭ ብሎ እጅህን ይጠብቃል።

መፍትሔው 220 ገብቶ 220 የሚወጣበት መለያያ ትራንስፎርመር ነው። እሱም ለቲቪው ነው እንጂ ለኦሲሎስኮፑ አይደለም። ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ትራንስፎርመሩን ካጣህ ከ220 ወደ 24 የሚያወርዱ ሁለት አንድ ዓይነት ትራንስፎርመሮች ፈልግና 24ቱን ከ24ቱ አገናኛቸው። ለትንሽ ዕቃ ይሆንሃል።

ከኮምቦልቻ ሌላ ጠጋኝ፦ ከደሴ ሲግናል ጀነሬተር ተዋስኩ። ደሴ ላይ ልክ ነበር፣ እዚህ ሲደርስ ፍሪኩዌንሲው ይንሸራተታል። ሐረጎን ሲወርድ ተበላሸ ወይስ ሰውዬው ዋሽቶኛል?

ሰውዬው አልዋሸህም፣ የሚዋሸው ዕቃው ነው። አሮጌ ጀነሬተር ፍሪኩዌንሲውን የሚያገኘው ከጥቅል ሽቦና ከሚዞር ካፓሲተር ነው። ሁለቱም ሙቀት ሲነካቸው ልካቸው በጥቂቱ ይለወጣል። እኛ ጉም ውስጥ ተጀቡነን ያስተካከልነውን አንተ ቆላ አውርደህ ገና እንደሰካኸው ትለካበታለህ። አብርተህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተወው። ቡና አስፈላና ሁለተኛው ስኒ ላይ ሥራ ጀምር።

አጭሩ መልስ ይኸው ነበር፣ ግን ይህን ነገር እንዲሁ ማለፍ አይሆንልኝም። አብዛኞቻችን የሚጠገነውን እንጂ የምንጠግንበትን አንጠረጥርም። እኔ ራሴ የተማርኩት አፍሬ ነው።

ልጅ ሆኜ ሸርፍ ተራ አንድ ጥገና ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ጌታዬን "አያ" እያልን ነበር የምንጠራው። አንድ አረንጓዴ ጀነሬተር ነበረው፣ የዳያሉ መስታወት ተሰንጥቆ በፕላስተር የተያዘ። አንድ ቀን ከጠረጴዛ ሲወድቅ እኔ ነበርኩ የያዝኩት፤ ማለት መሬት ሲነካ ነበር የያዝኩት። አበራሁት፣ ይሠራል። ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያው ሳምንት ሦስት ሬዲዮ መጣ። አያ ገበያ ሄዷል። ከሸምበቆ ጠርበን በሠራናት ማዞሪያ (ብረት ካስገባህ ልኩን ያዛባዋል፣ የኮይሉንም እምብርት ይሰነጥቀዋል) የሦስቱንም አይኤፍ (ሬዲዮው የያዘውን ጣቢያ ሁሉ ቀይሮ የሚያጎላበትን ቋሚ ፍሪኩዌንሲ) 455 ኪሎ ኸርዝ ላይ ቁጭ አደረግኩ። እንዴት ያለ ኩራት መሰላችሁ። በነገራችን ላይ የራሽያ ሬዲዮዎች አይኤፍ 465 ነው። ይህን ሳያውቅ 455 ላይ ጎትቶ የሚያመጣ ጠጋኝ ዛሬም አለ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት አሮጊት ሬዲዮዋን በነጠላ ጠቅልላ ተመለሰች። "ልጄ፣ ሳይሠራ ይሻለኝ ነበር" አለችኝ። ጣቢያው ሁሉ ከቦታው ፈንቀል ብሏል፣ ድምፁም ሳስቷል። ሌላኛው የባሰ ነበር። ውስጡ ሴራሚክ ፊልተር ስላለው ጨርሶ ደነቆረ። ፊልተሩ 455 ብሎ የተወለደ ነው፣ እንደ ኮይሉ ወዳዞርከው አይዞርልህም።

አያ አልጮኸብኝም። ማታ እስኪመሽ ጠበቀና አንዱን ደህና ሬዲዮ 900 ላይ አደረገው። ከቀይ ባሕር ማዶ የሚመጣ አንድ የአረብኛ ጣቢያ ያኔ እዚያ ላይ ይገባ ነበር። ከጀነሬተሩ አንዲት ሽቦ አውጥቶ ሬዲዮው አጠገብ ጣል አደረጋትና ዳያሉን 450 አካባቢ ያዞር ጀመር። ጀነሬተር 450 ላይ ሲሆን እጥፉን፣ 900ንም በጥቂቱ ይረጫል። ከሬዲዮው ፉጨት መጣ። መጀመሪያ ቀጭን ነበር፣ እያዞረ ሲሄድ እየወፈረ እየወፈረ ወረደና ዝም አለ። ትንሽ ሲያልፍ ደግሞ ከወፍራም ወደ ቀጭን ተመለሰ። ዝም ያለበት ቦታ ላይ ትክክለኛው 450 አለ ማለት ነው። "አንብብ" አለኝ። ዳያሉ 456 ይላል። እኔ 455 ብዬ የሰጠኋቸው 449 ነበር። ስትወድቅ መርፌዋ ከዘንጓ ላይ ተንሸራታለች፣ ሌላ ምንም አልሆነችም። አያ የመርፌዋን ቪት አላልቶ፣ ገፋ አድርጎ አጠበቀው። "ስትወድቅ ማን ነበር?" ብሎ አልጠየቀም፣ ያውቃል።

ይህ ዘዴ ዛሬም ይሠራል፣ አምስት ሳንቲም አያስወጣም። እኛ ባለንበት የዓለም ክፍል የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች የሚቀመጡት የ9 ብዜት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ጄኔቫ ላይ የተስማሙት እንዲህ ነው። 882፣ 891፣ 900፣ 909 እያለ ይቀጥላል። ማታ ላይ ሬዲዮህን ክፈት፣ አንዱን ያዝ፣ ጀነሬተርህን በፉጨት ፈትነው። የሳሳተበትን ቦታ ወረቀት ላይ ጽፈህ ክዳኑ ላይ ለጥፍ። ፍሪኩዌንሲ ቆጣሪ ካለህማ ግልግል ነው፣ ግን ቆጣሪውንም አንድ ማታ በዚሁ ፈትነው።

ለቴስተርም እንደዚሁ። ከሞተ ቻርጀር ወይም ከአሮጌ የኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ ውስጥ ቲኤል 431 የምትባል ባለ ሦስት እግር ዕቃ ንቀል። ሪፈረንስ የሚባለውን እግሯን ከካቶዷ ጋር አገናኝተህ፣ ከ9 ቮልት ባትሪ በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ስትመግባት 2.5 ቮልት ገደማ ላይ ትቆማለች። ቴስተርህ 2.7 ካለ ማን እንደሚዋሽ አወቅህ።

ይህ ሁሉ ለሬዲዮ ጥገና ነው። ሰርተፍኬት ለሚጠየቅበት፣ የሰው ደኅንነት ለሚመረኮዝበት የፋብሪካ መለኪያ ከሆነ ግን የእኔን ፉጨት እርሱት። አዲስ አበባ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት አለ፣ እዚያ ይላክ። በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

ከሐይቅ አንድ መምህር፦ ትምህርት ቤት ቆጥ ላይ 20 ዓመት የተቀመጠ የአውሮፓ ኦሲሎስኮፕ አገኘን። ሰካነው፣ በራ፣ ተጨበጨበ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ጭስና የሚከረፋ ሽታ። አሁንም ግን ይሠራል!

ጋሼ፣ ጭብጨባው ቀድሟል።

አሁንም የሚሠራ ከሆነ አብሽሩ፣ የጨሰው መብራት መግቢያው ላይ ያለች የወረቀት ካፓሲተር ትሆናለች። ቢጫማ ብርጭቆ የሚመስል ሽፋን አላት። በዕድሜ ብዛት ትሰነጠቃለች፣ እርጥበት ትጠጣለች፣ ከዚያ ኮረንቲ ሲያገኛት ትጨሳለች። በምትኳ "ኤክስ2" የሚል የተጻፈበት ብቻ ይግባ። "ቮልቱ ይበቃል" ተብሎ ሌላ እንዳይደረግ።

ለወደፊቱ ብዙ ዓመት የተኛ ዕቃ ቀጥታ ሶኬት ላይ አይሰካም። መጀመሪያ ይከፈት። የአይጥ ጎጆ፣ ያበጠ ካፓሲተር፣ የዛገ ነገር ካለ ይታይ፣ ይሸተት። ቀጥሎ ባለ 60 ወይም ባለ 100 ዋት የድሮውን ቢጫ አምፖል በመስመሩ መሃል በተከታታይ ማስገባት ነው። ኤልኢዲ አይሆንም። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጥ የተገናኘ ነገር አለና ይነቀል። ያ አምፖል ዛሬ ሱቅ ላይ እየጠፋ ነው፣ ሲያገኙ ሁለት ይግዙ። ዕቃውን በአምፖሉ በኩል ለጥቂት ጊዜ ማቆየት ደግሞ ብዙ ዓመት ለተኙት ካፓሲተሮች እንደ ማሟሟቂያ ነው። ከዚያ በኋላ ከምንም በፊት የሚለካው ፓወር ሳፕላዩ ነው። ያረጀ ዕቃ ላይ ብዙው በሽታ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የስክሪኑ ጀርባ ግን በሺህ የሚቆጠር ቮልት አለው። እዚያ የድሮ ቲቪ ሲጠግን የኖረ ሰው ይግባ፣ ተማሪ አይግባ።

ከሰኞ ገበያ፦ የቴስተሬ መምረጫ ሲዞር ይቆራረጣል። በቤንዚን አጠብኩት፣ ባሰበት።

ፕላስቲኩን በልቶታላ። ወንድሜ፣ ካርቡሬተር መሰለህ? ንጹሕ አልኮል፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ትዕግሥት። ቤንዚኑን ለባጃጅ ተወው።

ከከሚሴ፦ የኦሲሎስኮፕ ካፓሲተር ከግራ እጄ ወደ ቀኝ መታኝ። ሦስት ቀን ሆነኝ፣ ልቤ አልፎ አልፎ ይዘላል። ካፓሲተሩን እንዴት ነው የማራግፈው?

ጥያቄህን ገልብጠህ ነው የጻፍከው። ካፓሲተሩ ይቆይ። ዛሬ፣ ነገ ሳትል ዛሬ፣ ሆስፒታል ሂድ። "ኮረንቲ መታኝ፣ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ፣ ልቤ ይዘላል" ብለህ በዚሁ ቃል ንገራቸው። የልብ ምርመራ፣ ኢሲጂ የሚሉትን ያነሡልሃል። ከእጅ ወደ እጅ ያለፈ ኮረንቲ ደረትህን አቋርጦ ነው የሄደው። ምንም ላይሆን ይችላል፣ እሱን የሚያውቀው ግን ሐኪም ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ብቻህንም አትሂድ፣ ሰው ይዘህ ሂድ። መንገድ ላይ ከደከመህ ወይም ካዞረህ አትጠብቅ፣ አጠገብህ ያለው ጤና ጣቢያ ግባ።

ደህና ነህ ሲሉህ ጻፍልኝ፣ ካፓሲተሩን ያኔ እናወራለን። እስከዚያ ዕቃው እንደተነቀለ ይቀመጥ።

ከአራዳ፦ የአባቴ ባለ መርፌ ጥቁር ቴስተር አለ፣ "አቮ" ይላል። አንዱ መለኪያው አይሠራም። ቁራሌው 300 ብር ሰጠኝ። ልሽጠው?

የማይሠራው ትልቁ የኦም መለኪያ ነው አይደል? ብዙ ጊዜ አልተበላሸም፣ ባለ 15 ቮልት ባትሪ ስለሚፈልግና ባትሪው ስለማይገኝ ነው። የመኪና ሪሞት ውስጥ ያለችውን የ12 ቮልት ባትሪ ከአንዲት የ3 ቮልት የሳንቲም ባትሪ ጋር በተከታታይ አድርግለት። ከዚያም ልሽጥ ካልክ ለቁራሌው ከመስጠትህ በፊት ለእኔ ጻፍልኝ። 350 እሰጣለሁ።