ዓርብ ዓርብ ጂንስ ለብሶ ባንክ መግባት ይቻላል?

ጥያቄ፦ አዲስ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ዓርብ ዕለት ባልደረቦቼ ጂንስና ስኒከር ያደርጋሉ፤ ሥራ አስኪያጃችንም ምንም አይሉም። እኔስ ብለብስ?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አስቀድመው የሰው ኃይል ክፍሉን የሥራ ደንቡን ጠይቀው ያንብቡ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ በሕግ አግባብ የወጣ የሥራ ደንብን የማክበር ግዴታ አለበት። ደንቡ ጂንስን ከከለከለ የአለቃዎ ዝምታ ፈቃድ አይደለም። ደንቡ ስለ ልብስ ካላነሳ ግን የቅርብ ኃላፊዎን በግልጽ ይጠይቁ።

ከተፈቀደልዎ ጂንሱ ጥቁር ወይም ደማቅ ያልሆነ ጥቁር ሰማያዊ፣ ያልተቀደደና ጉልበቱ ላይ ያልነጣ ይሁን። አዲስ ጥቁር ሰማያዊ ጂንስ ቀለም ስለሚለቅ ነጭ ሸሚዝዎንና የቢሮውን ወንበር ያበላሻል፤ ከመልበስዎ በፊት ገልብጠው፣ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውኃ ሁለት ጊዜ ይጠቡት። ከላይ የተተኮሰ፣ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ይልበሱ። ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት መስኮት ላይ ለሚሠራ ሰው በፍጹም አይሆንም፤ ገንዘቡን በአደራ የሚሰጥ ደንበኛ መጀመሪያ የሚያየው እርስዎን ነው። ጫማው ንጹሕና አንድ ዓይነት ቀለም ያለው የቆዳ ስኒከር ይሁን። በክረምት ጭቃ ስላለ መቀየሪያ ጫማ ቢሮ ያስቀምጡ፤ ድንገት ስብሰባ ቢጠራም አንድ ኮት እዚያው ተሰቅሎ ይጠብቅዎት።

በበዓል ዋዜማ የሐበሻ ልብስ ከለበሱ ነጠላውን አጠር አድርገው ይጣሉት፤ ዘርፉ በቢሮው ወንበር ጎማ ይያዛል።