አንዱ ጂን ቢጠፋ ምንም አይልም፣ ሁለቱ ሲጠፉ ግን ይሞታል

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች! የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። መምህራችን ተመራማሪዎች የእርሾን ጂኖች ሁለት ሁለቱን እያጠፉ ይሞት አይሞት እንደሆነ ያያሉ አለን። አንድ በአንድ አጥፍተው አይተው የለም እንዴ? ሁለት ሁለቱ ምን ይጨምራል? ደግሞስ እርሾ ሲባል እኛ ቤት ያለው ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምርልሽ። አዎ፣ ከሱቅ በፓኬት የምትገዢው የዳቦ እርሾ ነው፤ ሳክሮማይሰስ ሰርቪሲዬ ይባላል። የእንጀራው እርሾ ግን የብዙ ረቂቅ ሕዋሳት ቅልቅል ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የዳቦ እርሾ 6,000 ገደማ ጂኖች አሉት። አንድ በአንድ ሲያጠፏቸው 1,000 የሚሆኑት ብቻ ናቸው ሴሉን በቀጥታ የገደሉት። የቀሩት ቢጠፉም ምግቡ ከተመቸው ይኖራል። ታዲያ እነዚህ ሁሉ ትርፍ ናቸው? በፍጹም! አንድ ዳቦ ቤት አስቢ፣ መብራትም ጄኔሬተርም ያለው። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል፣ ጄኔሬተሩ ቢበላሽ ደግሞ መብራት እስካለ ድረስ ማንም ልብ አይለውም። ሁለቱ በአንድ ሌሊት ከጠፉ ግን ጠዋት ዳቦ የለም። በጂን ቋንቋ ይህ ሲንቴቲክ ሌታሊቲ ይባላል፤ አንድ በአንድ ብታጠፊ በጭራሽ አታገኚውም።

አሠራሩን በጣም እወደዋለሁ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የነቻርልስ ቡን እና ብሬንዳ አንድሩስ ቡድን በ2001 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ነው። እርሾ እንደ ወንድና ሴት እርስ በርስ የሚጋቡ ሁለት ዓይነት አለው። በአንደኛው ዓይነት ውስጥ አንድ ጂን ያጠፉና በቦታው አንድ መድኃኒት መቋቋሚያ ጂን ይተካሉ፤ በሌላኛው ዓይነት ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ የእርሾ ዘሮች አሉ፣ እያንዳንዱ የየራሱ ጂን ጠፍቶ በሌላ መድኃኒት መቋቋሚያ የተተካለት። ሮቦት በጥቃቅን መርፌዎች እየነካካ ያጋባቸዋል፣ ልጆቹን ሁለቱም መድኃኒት ያለበት ሳህን ላይ ያሳርፋቸዋል፤ እዚያ የሚያድጉት ሁለቱም ጂን የጠፋባቸው ብቻ ናቸው። ከዚያ የእያንዳንዷ ነጠብጣብ ስፋት ይለካል። የጤነኛውን እድገት 1 ብለን፣ አንዱ ጂን ሲጠፋ እድገቱ 0.8፣ ሌላው ሲጠፋ 0.5 ከሆነ፣ ሁለቱ ሲጠፉ የሁለቱ ብዜት 0.4 ነው የሚጠበቀው። 0.1 ወይም ባዶ ቦታ ካየሽ ጂኖቹ ይተጋገዙ ነበር ማለት ነው። ከተጠበቀው በላይ የሚያድጉም አሉ።

በ2016 ይኸው ቡድን ወደ 23 ሚሊዮን የሚጠጉ ድርብ ሙታንቶችን (ሁለት ጂን የጠፋባቸውን እርሾዎች) ፈትሾ በጂኖች መካከል አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ግንኙነት አሳየ። ለእኔ ትልቁ ነገር ቁጥሩ አይደለም። ግንኙነታቸው የሚመሳሰል ጂኖች ሥራቸውም ስለሚመሳሰል፣ ምን እንደሚሠራ የማይታወቅ ጂን ብታገኚ ከእነማን ጋር እንደተሰለፈ አይተሽ ሥራውን መገመት ትችያለሽ።

ለሰውስ? አንዳንድ የጡትና የእንቁላል እጢ ካንሰሮች ዲኤንኤ ለመጠገን የሚያግዘው ቢ.አር.ሲ.ኤ የተባለው ጂናቸው ተበላሽቷል። ዲኤንኤ ለመጠገን የሚያግዘውን ሌላውን፣ ፓርፕ የተባለውን ፕሮቲን በመድኃኒት ሲያግዱት የካንሰሩ ሴል መጠገኛ ያጣና ይሞታል፤ ጤነኛው ሴል ግን ቢ.አር.ሲ.ኤው ስላለው በአብዛኛው ይቋቋማል። ኦላፓሪብ የሚባለው መድኃኒት በ2014 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በዚህ መላ ነው። ልብ በይ፣ ይህ ጥንድ ከእርሾ አልተገኘም፤ እርሾ ሁለቱም የሉትም። ግን ሰው 20,000 ገደማ ጂን አለው፣ ጥንዶቹ ወደ 200 ሚሊዮን ይሆናሉ፤ የትኞቹን አስቀድሞ መሞከር እንደሚሻል ለመምረጥ የእርሾው የጂን ግንኙነት ካርታ ይረዳል።