ልጄ ኦማሃ ደርሷል፤ እኔስ ቲኬቱን ለስንት ቀን ልቁረጥ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ልጄ የሚጫወትበት የኮሌጅ ቤዝቦል ቡድን እሑድ ማታ ሱፐር ሪጅናሉን (ከኦማሃ በፊት ያለውን የመጨረሻ ማጣሪያ) አሸንፎ ወደ ኦማሃ ሊሄድ ነው። ቤዝቦል ብዙም አይገባኝም። የአውሮፕላን ቲኬት ለስንት ቀን ልቁረጥ? ከሥራስ ስንት ቀን ፈቃድ ልጠይቅ? (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት። ውድድሩን ከሚጀምሩት 64 ቡድኖች ኦማሃ የሚደርሱት 8ቱ ብቻ ናቸው። የኮሌጅ ወርልድ ሲሪዝ ከ1950 ጀምሮ የሚካሄደው በዚችው የነብራስካ ከተማ ስለሆነ፣ ተጫዋቾች «ኦማሃ ገባን» ካሉ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

የመሄጃውን ቲኬት ዛሬውኑ ይቁረጡ። መመለሻውን ግን ለብቻው፣ ቀኑ ሊቀየር በሚችል ቲኬት ይያዙት። ምክንያቱ የውድድሩ አካሄድ ነው። ስምንቱ ቡድኖች አራት አራት ሆነው በሁለት ምድብ ይከፈላሉ፤ አንድ ቡድን የሚሰናበተው ሁለት ጊዜ ሲሸነፍ ነው። በተለመደው መርሐ ግብር አንደኛው ምድብ ዓርብ፣ ሁለተኛው ቅዳሜ ይጀምራል። ዓርብ የጀመረ ቡድን ሁለተኛ ጨዋታው እሑድ ነው። ሁለቱንም ከተሸነፈ በሦስተኛው ቀን ማታ ሻንጣ ይዘጋል። ሁለቱንም ካሸነፈ እስከ ረቡዕ ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ድል ብቻ ለፍጻሜው ያበቃዋል። የመጀመሪያውን የተሸነፈ ደግሞ ፍጻሜ ለመግባት አራት ጨዋታ በተከታታይ ማሸነፍ አለበት። ፍጻሜው ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ የሚወስደው ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ይደረጋል፣ አንድ አንድ ከሆኑ ሰኞ ይጨመራል። ስለዚህ አጭሩ ጉዞ 3 ቀን፣ ረጅሙ 11 ቀን ነው። ዝናብ ከገባ ደግሞ ሊገፋ ይችላል።

ከአሠሪዎ ዓርብን፣ ሰኞን፣ ማክሰኞንና ረቡዕን በቁርጥ ይጠይቁ። ቀሪዎቹን ቀናት «ቡድኑ ካለፈ» ብለው አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ። ከኦማሃ ሆኖ በስልክ ፈቃድ መለመን ጨዋታውን በሰላም አያሳይም።

ብዙ ወላጅ ገንዘቡን የሚያጣው በሆቴል ነው። በእነዚያ ቀናት በስታዲየሙ ዙሪያ ያለው ክፍል ዋጋው ይንራል፤ ቶሎም ያልቃል። ልጁ ገና በማጣሪያ ላይ ያለ ወላጅ፣ ቡድኑ ሪጅናሉን (ከሱፐር ሪጅናል በፊት ያለውን ማጣሪያ) እንዳለፈ፣ ገና ሱፐር ሪጅናሉ ሳይጀመር፣ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ክፍል ይያዝ። ሲይዝም የመሰረዣውን የመጨረሻ ሰዓት ያንብብ። ሱፐር ሪጅናል አንዳንዴ ሰኞ ማታ ስለሚያልቅ፣ እሑድ ላይ የሚዘጋ መሰረዣ አይጠቅመውም። እርስዎም አሥሩን ሌሊት በአንድ ማረጋገጫ ቁጥር አይያዙ፤ አንዳንድ ሆቴል ቀድሞ ለወጣ እንግዳ ያስከፍላል። አራቱን ሌሊት በአንድ፣ ስድስቱን በሌላ ማረጋገጫ ቁጥር ቢይዙ ሁለተኛውን ብቻ ይሰርዛሉ። ከተማው ውስጥ ካጡ ሚዙሪ ወንዝን ተሻግሮ ያለውን ካውንስል ብላፍስን ይፈልጉ። አዮዋ ግዛት ነው ብለው አይስጉ፤ በወንዙ ላይ የእግረኛ ድልድይ አለ። አውሮፕላን ማረፊያው ከስታዲየሙ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ፣ መሀል ከተማ ላረፈ መኪና መከራየት የግድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጃችን በስሙ የሚሰጠውን ነፃ መግቢያ ለእኔ፣ ለእናቱ፣ ለእህቱና ለአያቱ እንደሚያስይዝ ነግሮናል። ምን እናዘጋጅ? የሚተርፍ ካለስ ለዘመድ መሸጥ እንችላለን? (አባት፣ ከዳላስ)

መልስ፦ መሸጥ በፍጹም አይቻልም። ተጫዋቹ በነፃ ከተሰጠው መግቢያ እሱም ሆነ ቤተሰቡ ገንዘብ ካገኘበት የመጫወት መብቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ትርፉን ይመልሱት፤ ከቡድኑ ሌላ ልጅ ይወስደዋል።

የእኛን ቤተሰብ በር ላይ የሚያስቆመው ስም ነው። ልጁ የሚጠራው በአባቱ ስም፣ እናቱ በራሷ አባት ስም፣ አያት ደግሞ በሌላ ስም ነው። መታወቂያ የሚያየው ሠራተኛ አራት የተለያየ የቤተሰብ ስም ያያል። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ የመታወቂያችሁን ፎቶ አንስታችሁ ለልጁ ላኩለት። ዝርዝሩ ላይ ሲጽፍ ፊደል በፊደል ከዚያው ይገልብጥ። የአያት ስም በኢትዮጵያ ፓስፖርት «ወልደ» ተለይቶ ተጽፎ፣ ልጁ ገጥሞ ቢጽፈው እንኳ ሊያጉላላ ይችላል። ለእያንዳንዱ ጨዋታ ዝርዝሩ የሚዘጋበት ሰዓት አለና ልጁን ቀድማችሁ ጠይቁት፤ በጨዋታው ዕለት ጠዋት ስልኩን ላያነሳ ይችላል።

ጥያቄ፦ አባቴ 74 ዓመታቸው ነው፤ ፀሐይ አይችሉም። የት እናስቀምጣቸው? (ከዴንቨር)

መልስ፦ በሰኔ አጋማሽ ኦማሃ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሞቋ የተለመደ ነው፤ ወበቁም ከዴንቨር ደረቅ አየር ጋር አይገናኝም። ውድድሩ የሚካሄድበት የቻርልስ ሽዋብ ሜዳ የተሠራው ከሆም ፕሌት (መቺው ከሚቆምበት) ወደ ደቡብ ምሥራቅ እንዲያይ ነው። በዚህ የተነሳ ከሰዓት በኋላ ጥላ ቀድሞ የሚያርፈው በአንደኛ ቤዝ በኩል (ከሆም ፕሌት ወደ ሜዳው ሲያዩ በስተቀኝ) ባሉት መቀመጫዎች፣ በተለይም በላይኞቹ ረድፎች ነው። በግራ አውትፊልድ (ከሆም ፕሌት ርቆ ባለው የሜዳው ጫፍ) የተቀመጠ ሰው ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ፊት ለፊት ትወጋዋለች። ርካሹ የአውትፊልድ መግቢያ የመቀመጫ ቁጥር የለውም፤ ቀድሞ የመጣ ይቀመጣል፣ በር እስኪከፈት ደግሞ ፀሐይ ላይ መሰለፍ አለ። ለአባትዎ ቁጥር ያለው መቀመጫ ይግዙ፣ ከቻሉም የማታውን ጨዋታ ይምረጡ። ቦርሳ የሚፈቀደው ውስጡ የሚታይ ብቻ ነው፤ መድኃኒት ከነፋርማሲ ስሙ ይያዙ።

መብረቅ ከታየ ጨዋታው ይቆማል። የሚቀጥለው ከመጨረሻው መብረቅ ወይም ነጎድጓድ 30 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው፤ በመሃል አንድ ከተደገመ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ሁለትና ሦስት ሰዓት መጠበቅ ያጋጥማል። ያን ጊዜ ከመቀመጫው ተነስቶ ጣሪያ ወዳለው መተላለፊያ መግባት እንጂ ዣንጥላ ዘርግቶ መጠበቅ አይገባም።

ጥያቄ፦ የሰኔ ጾም ላይ ነው የምንሄደው። ስንቅ እንዴት እንያዝ? (እናት፣ ከሲያትል)

መልስ፦ ኦማሃ የታወቀችው በሥጋዋ ነው፤ ስንቅ ማሰብዎ ልክ ነው። እንጀራውን ትኩሱን በላስቲክ አይጠቅልሉ። እንፋሎቱ ውስጥ ሲቀር በዚያ ሙቀት በሁለትና ሦስት ቀን ይሻግታል። በደንብ አቀዝቅዘው፣ በመሃሉ ወረቀት አድርገው ያሽጉ፤ ከሦስት ቀን በላይ ለሚሆነው ድርቆሽ ይሻላል። ወጥ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያልፍም፤ በሚጫነው ሻንጣ ግን ይቻላል። የሽሮና የበሶ ዱቄትም በእጅ ከተያዘና ከ350 ሚሊ ሊትር ከበለጠ ለተጨማሪ ፍተሻ ሊወጣ ስለሚችል የሚጫነው ውስጥ ይክተቱት። ምድጃና ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ከያዙ ሽሮ ለማፍላት አንድ ትንሽ ድስት በቂ ነው።

ለልጅዎ ግን ከጨዋታ በፊት ምግብ አይውሰዱ። ቡድኑ አብሮ በሰዓቱ ይበላል፤ አዲስ ነገር ሆዱን ቢያውከው ያሳዝናል። እሱም የሚጾም ከሆነ ገና ከመነሳታቸው በፊት ለቡድኑ የምግብ ኃላፊ ራሱ ይንገር። የእናት ስንቅ ቡድኑ ባረፈበት ቀን ይደርሳል።

ጥያቄ፦ የሁለት ቀን ፈቃድ ብቻ አለኝ፤ ልጄ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ነው። ሲወረውር ለማየት መቼ ልሂድ? (አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ስንተኛ ስታርተር (ጨዋታ የሚጀምር ወርዋሪ) እንደሆነ ይጠይቁት። አንደኛ ከሆነ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ጨዋታ፣ ሁለተኛ ከሆነ በሁለተኛው ይወረውራል፤ ሁለቱንም ጨዋታ ቡድኑ ያለጥርጥር ያደርጋቸዋል። ሦስተኛ ስታርተር ከሆነ ተራው ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ነው፣ ያውም ቡድኑ እስከዚያ ከቆየ። 100 ኳስ ገደማ የወረወረ ክንድ ከአራት አምስት ቀን በፊት ዳግም እንዲጀምር አይመከርም። እንግዲህ የመጀመሪያውን ቀን የወረወረ ልጅ በሦስተኛው ቀን ሲገባ አያለሁ ብለው አይሂዱ። ሪሊቨር (በጨዋታ መሃል ተተክቶ የሚገባ ወርዋሪ) ከሆነ ቀን መምረጥ አይቻልም፤ በየትኛውም ጨዋታ ከቡልፔን (ተተኪ ወርዋሪዎች ከሚያሟሙቁበት ቦታ) ሊጠራ፣ ጭራሽም ላይጠራ ይችላል። ለእንዲህ ያለው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ይያዙ።

ጥያቄ፦ ስታዲየም ውስጥ አንድ ሰው ካርድ ሰጥቶኝ «ልጅህን ለድራፍት (ፕሮፌሽናል ቡድኖች ተጫዋች ለሚመርጡበት) ላማክረው፣ እራት ልጋብዛችሁ» አለኝ። (ከአትላንታ)

መልስ፦ ካርዱን ይቀበሉ፣ እራቱን አይቀበሉ። ምንም አይፈርሙ፤ በቃልም «እሺ» አይበሉ፣ የቃል ስምምነትም ስምምነት ነውና። በኮሌጅ ስፖርት ሕግ ለወላጅ የተሰጠ ስጦታ ለልጁ እንደተሰጠ ሊቆጠር ይችላል። ለእኛ ግብዣን እምቢ ማለት ነውር ቢመስልም እዚህ ላይ እምቢ ማለት ልጅን መጠበቅ ነው። ሰውየውን «በትምህርት ቤቱ የኮምፕላያንስ (የስፖርት ደንብ መከበሩን የሚከታተል) ቢሮ በኩል ይምጡ» ብለው ይሸኙት፤ እውነተኛው አማካሪ መንገዱን ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያሉት አያቱ በቪዲዮ ሊያዩት ይፈልጋሉ። ስንት ሰዓት ልበላቸው? (እናት፣ ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ በሰኔ አዲስ አበባ ከኦማሃ በ8 ሰዓት ትቀድማለች። በኦማሃ ሰዓት ከቀኑ 1፡00 (1 PM) የሚጀመረው ጨዋታ ለአያት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በዚያው ዕለት ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ማታ 6፡00 (6 PM) የሚጀመረው ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስለሚሆን ቀኑ ያልፋል፤ የዓርቡን ጨዋታ «ለቅዳሜ አጥቢያ» ብለው ይንገሯቸው። ስልኩን በሰው ፊት ከፍ አድርገው ዘጠኙንም ኢኒንግ (የጨዋታውን ዙሮች) ማስተላለፍ አያስፈልግም፤ ልጁ ሊመታ ሲወጣ ወይም ሊወረውር ሲገባ ይደውሉላቸው።