ጅብ አህያዬን በላብኝ፣ ሥጋው ላይ መርዝ ላድርግ ወይ?

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ነው የምኖረው። ሁዳዴ ከገባ ጅብ አስቸገረን፣ ትላንት ሌሊት ውጭ ያሰርኳትን አህያዬን በላት። ጎረቤቶቼ በተረፈው ሥጋ ላይ መርዝ አድርግበት ይሉኛል፣ ምን ትለኛለህ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። አህያ ማለት ውሃም እንጨትም ገበያም ናት፣ ንዴትህ ይገባኛል። መርዙን ግን በአላህ ተወው። መርዝ ጅብ መርጦ አይገድልም፣ ያንተንም የጎረቤትንም ውሻ፣ ጥንብ አንሳውንም ይጨርሳል፣ ዝናብ ሲጥል ደሞ ታጥቦ ከብቶቻችሁ የሚጠጡት ወንዝ ውስጥ ይገባል።

ለምን አሁን መጣ ካልከኝ፣ በሁዳዴ እርድ ይቀንሳል አደል፣ ጅቡ የለመደውን አጥንትና ቆዳ ሲያጣ ወደ አህያ ይዞራል። መቀሌ አካባቢ የተጠናውም ይሄንኑ ነው ያሳየው፣ በጾሙ ጊዜ አህያ የመብላታቸው ነገር እጥፍ ነው የሆነው። እዛው ከተማ በሌላ ጥናት ወደ 210 የሚሆኑ ጅቦች በዓመት ከ200 ቶን በላይ ጥንብ ያነሳሉ ተብሏል፣ ይሄ ባይነሳ አባ ሰንጋው ሰውም ከብትም ላይ ነበር የሚዞረው።

በዓለም ላይ አራት አይነት ጅብ አለ፣ ሶስቱ እኛ አገር ይገኛሉ። ያንተን አህያ የበላው ዥጉርጉሩ ሳይሆን አይቀርም፣ እሱ ገና ብዙ ነው ግን እየቀነሰ ነው። ባለ ሸንተረሩ ግን አዋቂው በዓለም ላይ 10,000 አይሞላም፣ ለመጥፋት እየተጠጋ ነው፣ ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ደግሞ ይሄው ሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ ነው። ሴቷ ዥጉርጉር ብዙ ጊዜ አንድ ወይ ሁለት ብቻ ነው የምትወልደው፣ ከአመት በላይም ታጠባለች፣ ስለዚ አንዷ ስትሞት ቶሎ አይተካም፤ አንተ ጋ ግን ክፍቱን ያደረ አህያ እስካለ ድረስ ሌላው ጅብ ነገ ይመጣል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ዛሬውኑ በረቱን አጥብቀው። ካቡን ከሰው ቁመት አስበልጠው፣ ከላይ የግራር እሾህ ጫንበት፣ ሥሩን በትላልቅ ድንጋይ ሙላው ምክንያቱም ቆፍሮ ይገባል፣ መዝጊያው ደሞ ከውስጥ የሚቀረቀር ጠንካራ እንጨት ይሁን። አህያም ውርንጭላም ማታ ውጭ አይደር። የተረፈውን ሥጋ ከቤትና ከውሃ ራቅ አድርገህ በጥልቁ ቅበረው። ጅብ ነክሶት የተረፈ ከብት ካለህ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠበውና (እጅህን ሸፍነህ) በዛው ቀን የቀበሌውን የእንስሳት ሐኪም ጥራ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ከጅብም ይመጣል፣ እሱ ሳያየው ወተቱን እንዳትጠጡ።