በወባ መመርመሪያው ላይ ያለችው ቀይ መስመር፤ ስለ ናኖ ለጠየቃችሁኝ

«ስለ ናኖቴክኖሎጂና ሕክምና የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ እናንተም አልማራችሁኝም። ድሬዳዋ ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። «ይህን መድኃኒት ልውሰድ ወይ?» ላላችሁኝ መልሴ አንድ ነው፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሌላውን እንደ አመጣጡ ልመልስ።

ከከዚራ፦ ናኖ፣ ናኖ ይባላል። ለመሆኑ ስንት ያህላል?

አንድ ሚሊሜትርን ሚሊዮን ቦታ ብትከፍለው አንዷ ክፋይ አንድ ናኖሜትር ናት። የራስ ፀጉር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ነው። ቀይ የደም ሴል 7,000 ገደማ፣ የዲኤንኤ ወርድ ደግሞ 2 ብቻ። ናኖ የሚባለው በአብዛኛው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ያለው ነው። ነገሩ ማነሱ ብቻ አይደለም። ቁስ እዚያ ድረስ ሲያንስ ጠባዩ ይቀየራል።

ከሳቢያን፦ የፈረንጅ ወሬ ነው እንጂ እኛ ጋ የት አለ?

ጣትህን ተወግተህ የወባ ምርመራ አድርገህ አታውቅም? የድሬ ልጅ ሆነህ «አላውቅም» ብትለኝ አላምንህም። ያቺ ነጭ ፕላስቲክ የናኖ ሥራ ናት።

ከደምህ አንድ ጠብታ በአንዱ ቀዳዳ እናደርጋለን። በሌላው ደሙን የሚያስኬድ ፈሳሽ ጠብ እናደርጋለን። ውስጡ ያለው ወረቀት የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስብ ፈሳሹን ይስበዋል። መንገድ ላይ የወርቅ ቅንጣቶች ደርቀው ይጠብቃሉ፤ ብዙ ጊዜ እያንዳንዳቸው 40 ናኖሜትር ገደማ ናቸው። በላያቸው ላይ አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን፣ ተለጥፎባቸዋል። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተሕዋስ ደም ውስጥ የሚለቀው ፕሮቲን አለ። አንቲቦዲው እሱን ሲያገኝ ይይዘዋል። ወርቁ ፕሮቲኑን አንጠልጥሎ ጉዞውን ይቀጥላል። መስመሩ ላይ የተተከለ ሌላ አንቲቦዲ ያስቆመዋል። ብዙ ወርቅ እዚያው ሲከማች መስመሯ ትታያለች።

ግን ቀይ ናት። የእናትህ የአንገት ሀብል ቢጫ፣ ይሄኛው ቀይ፤ ለምን? በዚያ መጠን ላይ ብርሃን ሲያርፍ የወርቁ ኤሌክትሮኖች አብረው ይወዛወዛሉ። አረንጓዴው ብርሃን ይዋጣል፤ ቀዩ ይተርፋል። ቀለም አልተቀባም፤ ራሱ ወርቁ ነው ቀይ የሆነው። ብዙዎቹ የእርግዝና መመርመሪያዎችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

ከታይዋን ገበያ፦ ታድያ ወርቁን ሰብስበን አንሸጥም?

ኧረ ተው አቦ! ሺህ መመርመሪያ ብትሰበስብ ለአንድ የጆሮ ጉትቻ አይበቃህም።

ከደቻቱ ማዶ፦ መመርመሪያው «ነፃ ነህ» ብሎኝ በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ወባ ተገኘብኝ። እንዴት ይታመናል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሦስት ነገር ልበል።

መጀመሪያ ተሕዋሱ ገና ጥቂት ከሆነ መስመሯ ላትወጣ ትችላለች። ሁለተኛ፣ ያ መመርመሪያው የሚፈልገው ፕሮቲን ኤችአርፒ2 ይባላል። የፕሮቲኑ ዘረመል የጠፋበት ፋልሲፓረም አለ፤ በኤርትራም በኢትዮጵያም ተገኝቷል። ኤችአርፒ2ን ብቻ የሚፈልግ መመርመሪያ እንዲህ ያለውን ተሕዋስ አያየውም። ትኩሳቱ ካልለቀቀህ «ማይክሮስኮፕ ይታይልኝ» ማለት መብትህ ነው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ብዙዎቹ መመርመሪያዎች እንደ ዓይነታቸው እስከ 30 ወይም እስከ 40 ዲግሪ ብቻ ይችላሉ። የድሬን ፀሐይ ታውቃላችሁ። አንድ ጊዜ ከመስክ ስንመለስ አንድ ካርቶን ባጃጅ ውስጥ ረስቼ ዋልኩ። ማታ ሳገኘው ፕላስቲኩ እንደ ምጣድ ያቃጥላል። ወርቁ ምንም አይሆንም፤ የሚበላሸው አንቲቦዲው ነው። ካርቶኑን ሙሉ ጣልነው። አለቃዬ ያለኝን እዚህ አልጽፍም።

እግረ መንገዴን፦ በ2022 (በፈረንጆቹ) ድሬዳዋ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ስቴፈንሲ ከምትባለው ትንኝ ጋር ተያይዟል። እሷ ከተማ ትወዳለች፤ ውኃ ባጠራቀምንበት በርሜልና ገንዳ ትራባለች። ለሷ ናኖ አያስፈልግም። በርሜሉን ክደኑ።

ከሐረር፣ ከአንዲት እናት፦ ልጄ፣ የኮቪድ ክትባቱ ውስጥ የሚከታተለን ቺፕ አለ አሉ። እውነት ነው?

የለም እናቴ፣ አይስጉ። የተወጉት አስትራዜኔካ ከሆነ መራባት በማይችል ሌላ ቫይረስ የተሠራ ነው፤ ናኖ የሚባለውም እሱ አይደለም። ፋይዘር ከሆነ ግን ውስጡ ያለው 100 ናኖሜትር ገደማ የሆነ የስብ እንክብል ነው። እንክብሉ ኤምአርኤንኤ የሚባል መልእክት ይዟል። መልእክቱ ራቁቱን ቢወጋ ሰውነት ወዲያው ይበጣጥሰዋል። ስቡ ይሸፍነውና ሴል ውስጥ ያስገባዋል። ሴሉም መልእክቱን አንብቦ የቫይረሱን አንድ ፕሮቲን ይሠራል፤ ሰውነት ጠላቱን በዚያ ይለየዋል። መልእክቱም ስቡም በጊዜው ይፈርሳሉ። ኤምአርኤንኤው ለክትባት እንዲሆን መንገዱን የከፈቱት ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን በ2023 ኖቤል ተሸልመዋል።

የፋይዘር ክትባት መጀመሪያ ላይ 70 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጥ የነበረው መልእክቱም እንክብሉም ስስ ስለሆኑ ነው። ሌላ ሚስጥር የለውም።

ከዩኒቨርሲቲ፦ ናኖ ሮቦት ካንሰርን ብቻ ፈልጎ ይገድላል ይባላል። ደርሰንበታል?

ሮቦቱን ለፊልም ተወው። ያለው የመድኃኒት ማሸጊያ ነው። ዶክሲል የሚባለው በ1995 አሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ዶክሶሩቢሲን የተባለ የቆየ የካንሰር መድኃኒት ነው፤ ግን በስብ እንክብል ተጠቅልሏል። መድኃኒቱ ብቻውን ሲሰጥ ልብን ይጎዳል፤ ሲጠቀለል ይህ ጉዳት ይቀንሳል።

ሐሳቡ የካንሰር ዕጢ የደም ሥሮች የሚያፈሱ ስለሆኑ እንክብሉ እዚያ ሾልኮ ይገባል የሚል ነበር። በ2016 የወጣ ግምገማ ግን ያለፉትን አሥር ዓመታት ጥናቶች ሰብስቦ ሲያይ፣ ከተወጋው ናኖ ቅንጣት ዕጢው ጋ የሚደርሰው በመካከለኛ ግምት 0.7 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም! ሌላውን በብዛት ጉበትና ጣፊያ ይለቅሙታል። እኔ እንደሚመስለኝ እስካሁን የተገኘው ትልቁ ትርፍ የጎን ጉዳት መቀነሱ ነው፤ ዒላማ መምታቱ ገና ነው።

ከመልካ ጀብዱ፦ ወንድሜ ሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ሄዶ ካላዛር የሚባል በሽታ ይዞት መጣ። አምቢሶም የሚባል መድኃኒት ተሰጠው። እሱም ናኖ ነው?

አዎ፣ ነው። አምቢሶም ውስጥ ያለው አምፎቴሪሲን የሚባለው መድኃኒት ብቻውን ኩላሊትን በጣም ይጎዳል። በስብ እንክብል ሲጠቀለል የኩላሊቱ ጉዳት በጣም ይቀንሳል፤ በሽታው የሚደበቅባቸው የጉበትና የጣፊያ ሴሎችም እንክብሉን ራሳቸው ይውጡታል። ለካንሰር ጣጣ የሆነው ነገር ለካላዛር ሲሳይ ሆነ ማለት ነው። እግዜር ይማረው።

ከጁገል፦ «ናኖ ሲልቨር» የሚል ጠብታ ገበያ ላይ አለ። ለሁሉም በሽታ ነው ይላሉ። ልጠጣው?

አትጠጪ እህቴ። ብር ባክቴሪያ መግደሉ እውነት ነው፤ ለቃጠሎና ለቁስል በተዘጋጁ መሸፈኛዎች ውስጥ ይገባል። ሲጠጣ ግን ቆዳ ውስጥ እየተጠራቀመ መልክን ሰማያዊ ግራጫ ሊያደርግ ይችላል፤ አይለቅም። ሐረር የብር ጌጥ ያምርባታል። ጌጡ አንገት ላይ ይሁን።

ከሐረር፣ 12ኛ ክፍል፦ ይህን ሙያ ብፈልግ ምን ልማር?

«ናኖ» የሚል ስም አትፈልጊ። ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ጠበቅ አድርጊ፤ ፊዚክሱንም አትጥይው።

ድሬ ከመጣሽ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት መመርመሪያ አስቀምጬልሻለሁ። ፕላስቲኩን እንፈለቅቀዋለን። ወረቀቱ ዳር ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል፣ ወደ ወይን ጠጅ የምትቀላ ጨርቅ ነገር አለች። ወርቁ እሷ ላይ ነው።