ጓንግዡ ለምትሄዱ ልጆች፣ ስለ ሌሊቱ

ውድ ልጆቼ፤

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ስልኬ ዕረፍት ያጣል። ቻይና የትምህርት ዕድል ያገኘ የጎረቤት ልጅ ይደውላል፤ ዕቃ ልታመጣ የምትሄድ የዘመድ ልጅ ትደውላለች። «ጋሼ፣ ምን ይዤ ልሂድ?» ይሉኛል። ስለ በርበሬውና ስለ ሽሮው እናቶቻችሁ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። እኔ የምጽፍላችሁ ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቀው ነገር ነው፤ ስለ ሌሊቱ።

በደቡብ ቻይና ባለችው ጓንግዡ ከተማ ውስጥ ዕቃ ወደ አፍሪካ በሚልክ ድርጅት 16 ዓመት ሠርቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ብዙ የሀገሬን ልጆች ተቀብያለሁ፣ ብዙዎቹንም ሸኝቻለሁ። አንዳንዱ ተመርቆ፣ አንዳንዱ ነግዶ አትርፎ፣ ጥቂቱ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። አንገታቸውን ደፍተው የተመለሱት ሰነፎች አልነበሩም። ቀን ቀን ክፍል ውስጥም ገበያ ላይም ጎበዞች ነበሩ። የተሸነፉት ማታ ነው።

የሰዓቱን ነገር አስቡት። ቻይና ከእኛ በ5 ሰዓት ትቀድማለች። እዚያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሲሆን እዚህ ገና ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ እራት የሚቀርብበት፣ ቤቱ በሰው ሞቅ የሚልበት ሰዓት። እናንተ መተኛት ሲገባችሁ ናፍቆቱ ይነቃል። ፌስቡኩም ቴሌግራሙም እዚያ እንደ ልብ አይከፈትም። አራቱ ግድግዳ ይጠብባችኋል፤ ጫማ አጥልቆ ወደ መብራቱ መውጣት ይመጣል። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ እኔም ወጥቻለሁ።

መብራቱ ደግሞ ያስደንቃል። 600 ሜትር የሚረዝመው የካንቶን ማማ ቀለሙን እየለዋወጠ ዡጂያንግ በሚባለው ወንዝ ላይ ሲያበራ፣ የመዝናኛ ጀልባዎቹ ከሥሩ ሲመላለሱ፣ አዲስ የመጣ ሰው ቆሞ ከማየት በቀር ሌላ አያምረውም። ወንዙ ዳር ከቀድሞው የቢራ ፋብሪካ ጎን መጠጥ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ዡጂያንግ ሺንቼንግ በሚባለው የሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ሰፈር ደግሞ ትልልቆቹ ጭፈራ ቤቶች አሉ።

ስለ እነዚህ ጭፈራ ቤቶች ልታውቁት የሚገባ አሠራር አለ። አንድ ወዳጅ መሳይ ሰው ዊቻት በሚባለው የቻይናውያን የመልእክት መለዋወጫ ላይ ያገኛችሁና «ጓደኞችህን ይዘህ ና፤ ጠረጴዛም መጠጥም በነፃ ነው» ይላችኋል። ውሸት አይደለም፤ መጠጡ በእርግጥም ይቀርባል። የውጭ ሀገር ሰው የተቀመጠበት ቤት ዓለም አቀፍ መስሎ ስለሚታይ ከፋዩን ደንበኛ ይስባል፤ ለዚያ ነው የሚጋብዟችሁ። የተቀመጣችሁት ለጌጥ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለውም ሁልጊዜ በላዩ የተጻፈው አይደለም፤ አስመስለው የሚሠሩት መጠጥ አለና። አንድ ቀን ደግሞ ያው ሰው እየመጣችሁ ለመቀመጣችሁ ገንዘብ እንስጣችሁ ይላል። በተማሪ ቪዛ ያለ ፈቃድ ሠርቶ ገንዘብ መቀበል ሕገወጥ ሥራ ነው፤ ቅጣቱ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ነው፣ ጉዳዩ ከባድ ከሆነም እስር ይጨመርበታል። የአንድ ወር ኪስ ገንዘብ ብላችሁ የአምስት ዓመት ትምህርት አትሽጡ።

አንድ ሌሊት ከአንድ ደንበኛችን ጋር ተቀምጬ ሳለ ሙዚቃው በድንገት ተቋረጠ፤ ነጭ መብራት ቤቱን አጥለቀለቀው። ፖሊሶች በሁለቱም በር ገቡ። ማንም አልጮኸ፣ ማንም አልተገፋ። ፓስፖርት ተጠየቀ፤ ከዚያ በየተራ ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ እየተሰጠ ለሽንት ምርመራ ተላክን። ከጎኔ የነበረው ወጣት ፓስፖርቱን ማደሪያው ትቶ ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ ደጋግሞ ያሳይ ነበር። እጁ ሲንቀጠቀጥ እስካሁን ይታየኛል። ሕጉ ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው የውጭ ሀገር ሰው ሁሉ ፓስፖርቱን ይዞ እንዲንቀሳቀስ ያዛል። ያ ልጅ ሌላ ጥፋት አልነበረበትም፤ ግን ሌሊቱን ጣቢያ አደረ።

ወረቀቱን እንግዲህ በቁም ነገር ያዙት። ከሆቴል ውጭ ካረፋችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ሰፈራችሁ ባለው ፖሊስ ጣቢያ ተመዝገቡ። ቤት በቀየራችሁ ቁጥርም እንደዚያው። የመኖሪያ ፈቃድ የሚያስፈልገው ቪዛ ከሆነ በገባችሁ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከት ግዴታ ነው። የቪዛው ወይም የመኖሪያ ፈቃዱ ጊዜ ያለፈበት ሰው በቀን 500 ዩዋን፣ እስከ 10,000 ዩዋን ሊቀጣ ወይም ሊታሰር ይችላል። «ነገ አደርሳለሁ» የሚለው ልማዳችን እዚያ ዋጋ ያስከፍላል።

አሁን የምለውን ደግሞ ለታናናሾቻችሁም ንገሩልኝ። ጫት በቻይና ከጥር 2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው አደንዛዥ ዕፆች ዝርዝር ውስጥ ነው። እዚህ በየመንገዱ የሚሸጠው ቅጠል እዚያ ወንጀል ነው። ደርቆ፣ የሻይ ቅጠል ተብሎ የተላከ ጥቅል ሊቀበል ሄዶ የቀረ ልጅ አውቃለሁ። እናቱ ስልክ ደውላልኝ፣ «ለፈተና እንዲያጠና ብዬ እንጂ» ብላ አለቀሰች። ምን እንደምላት ጠፍቶኝ ዝም አልኩ። ስለዚህ ከቤት አይላክላችሁ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ «ይቺን ለወንድሜ አድርሱልኝ» የሚላችሁንም ሰው ዕቃ አትቀበሉ፤ ይሉኝታ አይያዛችሁ። ሌላውን ዕፅ መናገርም አያስፈልገኝም፤ 50 ግራም ሄሮይን ማዘዋወር እስከ ሞት ፍርድ ያደርሳል።

ይህን ሁሉ ስል ማታ በር ዘግታችሁ ተቀመጡ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ትልቁ ሐሳቤ ሌላ ነው። ሺያዎቤይ የሚባል ሰፈር አለ፤ ቲያንሺዩ የተባለው ሕንፃ ያለበት፣ አፍሪካዊውም ዓረቡም የሚገበያይበት። ሲከፋችሁ ሂዱ፤ ወገን ማየት ጤና ነው። ግን ከዚያ ሳይወጡ ስምንት ዓመት ኖረው ጎረቤታቸውን በወጉ ሰላም ማለት የማይችሉ ሰዎች አይቻለሁ። ከተማዋ የራሷ ሌሊት አላት፤ ብዙ የውጭ ሀገር ሰው ሳያየው የሚመለሰው እሱን ነው።

የምድር ባቡሩ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ አገልግሎቱን ሲያቆም በየመንደሩ መንገድ ላይ ዝቅ ያሉ የፕላስቲክ በርጩማዎች ይዘረጋሉ። ሺያዎዬ ይሉታል፤ የሌሊት መክሰስ ነው። ከሥራ የወጣው፣ ዕቃ ሲጭን የዋለው፣ ፍቅረኛሞቹ፣ ሁሉም እዚያ ነው። እኔ ከምኖርበት ሕንፃ ጀርባ አንዲት ሴትዮ ዘንድ እሄድ ነበር። ጾም ስለነበርኩ በመጀመሪያው ምሽት «ወ ቹር ሱ» አልኳት፤ ሥጋ አልበላም ማለት ነው። ረጅሙን ደበርጃን ሙሉውን ፍም ላይ አስቀመጠችው። ቆዳው ጠቁሮ ሲሸበሸብ በቢላዋ ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቃ ከፈተችው፤ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ በዘይት አፈሰሰችበት፤ ዘይቱ ተንጨረጨረ። ሽታው በቀጥታ እናቴ ጓዳ ወሰደኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝና ነገርኳት። የሀገራችን ስም በቻይንኛ ረጅም ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ድምፆች ብቻ ወስዳ «አይሳይ» አለችኝ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ በዚያ መንገድ ስሜ አይሳይ ሆነ።

ቻይንኛዬ የተስተካከለው በእሷ በርጩማ ላይ ነው። ሻይ ሲቀዳልኝ በጠቋሚና በመሃል ጣቴ ጠረጴዛውን ቀስ አድርጌ እየመታሁ ማመስገንን ያስተማረችኝም እሷ ናት። ሰው አፍጥጦ ቢያያችሁ፣ ፀጉራችሁን ልንካ ቢል፣ አንዳንዴም የሚያም ቃል ቢወረውር፣ ሁሉንም በአንድ ሚዛን አትመዝኑ። ያላወቀ አለ፤ አውቆ የሚንቅም አለ። ልዩነቱ በጊዜ ይገባችኋል።

በ2020 (እ.ኤ.አ.) ሚያዝያ በወረርሽኙ ጊዜ በዚያች ከተማ ብዙ አፍሪካውያን ከተከራዩት ቤትና ከሆቴል ተባረው ጎዳና ላይ አድረዋል፤ የአፍሪካ አምባሳደሮችም በጽሑፍ ተቃውሞ አቅርበዋል። ያን ጊዜ ያየሁትን በደል አልረሳውም፣ ለእናንተም እንዳልሆነ አድርጌ አልነግራችሁም። እኔ ከቤቴ እንዳልወጣ ስከለከል፣ በሦስተኛው ቀን የሕንፃው ዘበኛ ፌስታል ይዞ መጣ። ሩዝ፣ ጎመንና ሁለት የተጠበሰ ደበርጃን ነበረበት። ደበርጃኑ በፎይል ተጠቅልሎ ገና ትኩስ ነበር። ከማን እንደሆነ ስጠይቀው «ከጀርባ ካለችው ሴትዮ» አለኝ። በፎይሉ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፉ ሁለት የቻይንኛ ፊደላት ነበሩ፤ አይ እና ሳይ።

ሺያዎቤይ ጣቢያ ወርዳችሁ ወደ ሰሜን ስትሄዱ፣ ከሦስተኛው ቅያስ በስተግራ ቀይ ጃንጥላ የዘረጋች፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ካገኛችሁ እሷ ናት። ደበርጃን እዘዙ፤ ቃሪያውን እንድታሳንስ ካልነገራችኋት ታበዛዋለች። አይሳይ ሰላም ብሎሻል፣ ጤናውም ደህና ነው በሏት።